ማርማይት፣ ቬጂማይትና የኒውዚላንዱ ማርማይት፦ የትኛው ጠርሙስ ለማን ይሆናል?

እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ቋንቋ ይጋራሉ እንጂ ቁርስ አይጋሩም። አሜሪካዊው ዳቦው ላይ የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ ይቀባል። እንግሊዛዊው ማርማይት፣ አውስትራሊያዊው ቬጂማይት ይላል። ኒውዚላንዳዊውም ማርማይት ይላል፤ ግን የሱ ማርማይት ከእንግሊዙ ጋር በስም እንጂ በጣዕም አይገናኝም። ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም ጨዋማ፣ ሦስቱም ከእርሾ የተሠሩ በመሆናቸው ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል። ለንደን የለመደ ሰው ሜልቦርን ሄዶ የሚያውቀውን የገዛ መስሎት ይደነግጣል። ዲሲ ያለ ዘመድ ደግሞ ስጦታ ሲላክለት በማንኪያ ዝቆ ዳቦው ላይ ያነጥፍና ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱን ዞር ብሎ አያየውም።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለጾም ገበታና ለወጥ የሚበጀው የእንግሊዙ ማርማይት ነው። የተጠበሰ ዳቦና አቮካዶ ለሚወድ ቬጂማይት ይበልጣል። መራራ ለማይወድ ሰውና ለጀማሪ የኒውዚላንዱ ይሻላል። ሦስቱንም ቀምሰው የጠሉ ሰዎች አብዛኞቹ የጠሉት መጠኑን ነው፤ አራት እጥፍ አብዝተው ቀብተውታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምን ይሠራል

ጠላ የጠመቀ ሰው መነሻውን በቀላሉ ይረዳዋል። ጠላው ከጠለለ በኋላ ከጋኑ ሥር አተላ ይቀራል። የቢራ ፋብሪካም የብቅሉን ስኳር ወደ አልኮል ለውጦ ሥራውን የጨረሰ እርሾ በየጊዜው ይተርፈዋል፤ ይኼኛው ግን የእህል ገለባ የሌለበት፣ እርሾ ብቻ የሆነ ዝቃጭ ነው። እርሾው ተጨምቆና ወፍሮ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው።

አሠራሩ በመሠረቱ ዛሬም ያው ነው። እርሾው በጨውና በለዘብተኛ ሙቀት ይቆያል። ሕዋሶቹ ይሞታሉ፣ በውስጣቸው ያሉት ኢንዛይሞች ግን ሥራ አያቆሙም፤ የራሱን የእርሾውን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲዶች ይሰባብሩታል። ከእነዚህ አንዱ ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ ሥጋ ያልገባበት ምግብ ሥጋ ሥጋ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ የሕዋሶቹ ገለፈት ይለያል፣ የቀረው ፈሳሽ ውኃው እየተነነ እስኪወፍር ይቆያል፤ ከቢራው የመጣ አልኮል ካለም አብሮ ይተናል። በጠላ የጌሾን ቦታ የሚይዘው ሆፕ ምሬቱን እርሾው ላይ ትቶ ስለሚሄድ ፋብሪካዎቹ ይህንንም ማጠብና መቀነስ አለባቸው። አልኮል ባይኖርበትም ከቢራ እርሾ መምጣቱ ጥያቄ የሚሆንበት ሙስሊም አንባቢ ጠርሙሱ ላይ የሐላል ምልክት መኖሩን አይቶ ይወስን።

ከቢራ ጋር ያለው ዝምድና ምን ያህል የቅርብ እንደሆነ በኮሮና ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ጠማቂዎች ሥራ ቀነሱ፣ እርሾ አነሰ፣ የማርማይት ባለቤት ዩኒሊቨርም ለጊዜው ከ250 ግራሙ ጠርሙስ በቀር ሌሎቹን መጠኖች ማምረት አቆመ። ደቡብ አፍሪካ መንግሥት የአልኮል ሽያጭ ሲያግድም እዚያው አገር የሚመረተው ማርማይት ከሱቅ መደርደሪያ እየጠፋ ነበር።

የእንግሊዙ ማርማይት

ኩባንያው በ1902 የተቋቋመው በርተን አፖን ትሬንት በምትባለው የቢራ ከተማ ነው፤ የመጀመሪያው እርሾ የመጣው እዚያው ካለው የባስ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ሆዱ የሰፋው ጠርሙስና ቢጫ ክዳኑ ከሩቅ ይለያሉ። ቫይታሚን ቢ ሲታወቅ ማርማይት እንደ መድኃኒት መታየት ጀመረ። ሉሲ ዊልስ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በ1930 ገደማ ቦምቤይ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ነፍሰ ጡሮችን የደም ማነስ ሲያጠኑ ማርማይት እንደሚያሽላቸው ተመለከቱ። ዛሬ ነፍሰ ጡር ሁሉ እንድትወስደው የሚመከረው ፎሊክ አሲድ የተገኘው ይህ ምርምር በከፈተው መንገድ ነው።

መልኩ ጥቁር ቡናማ፣ አብረቅራቂና ተጣባቂ ነው። ማንኪያ ሲነከርበት ክር እየሠራ ይወርዳል። ጣዕሙ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ የሥጋ መረቅ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነው። በውስጡ የእርሾ ጭማቂ፣ ጨው፣ የአትክልት ጭማቂ፣ የተጨመሩ ቫይታሚኖችና ሴለሪ ያለበት ማጣፈጫ ይገኛል። ስኳር አይጨመርበትም። ጨው ግን ከፍ ያለ ነው፤ በ100 ግራም ወደ 10 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ስለሚመክር፣ ጠርሙሱ ላይ እንደ አንድ ጊዜ ምግብ የተጻፈው 8 ግራም ማርማይት ብቻውን የቀኑን አንድ ስድስተኛ ያህል ይወስዳል። ጨው የተቀነሰበትም ዓይነት አለ፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው እሱን ይፈልግ።

ትልቁ ብልጫው ቢ12 ነው። እርሾ በራሱ ቢ12 አይሠራም፤ ፋብሪካው ነው የሚጨምረው። የእንግሊዙ ማርማይት በ8 ግራም ውስጥ ወደ 1.9 ማይክሮግራም ይይዛል፤ በምግብ መለያ ላይ ለአዋቂ እንደ መነሻ ከሚያዘው 2.5 ማይክሮግራም ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑ ነው። ቢ12 ያለው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ነው። ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትንና ረቡዕ አርብን ሳያጓድል የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከነዚህ ርቆ ይኖራል። ጉበት ቢ12ን ለረጅም ጊዜ ስለሚያጠራቅም በፍስክ ጊዜ በደንብ የሚበላ ጤነኛ ሰው አይቸገር ይሆናል። በዕድሜ ለገፉ፣ ለነፍሰ ጡሮችና በፍስኩም ሥጋ ለማይቀምሱ ግን ጉዳዩ እውነተኛ ነው። ጠዋት ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር ከተፈለገ ይህን የሚሰጥ መምረጥ ብልህነት ነው። እጥረት በምርመራ ከታወቀ ግን የሐኪም ሕክምና ያስፈልጋል፤ ማርማይት እሱን አይተካም።

ቬጂማይት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የሚሄደው ማርማይት ሲቆራረጥ፣ ፍሬድ ዎከር የተባለ የሜልቦርን ነጋዴ ከአገሩ የቢራ እርሾ ተመሳሳይ ነገር እንዲሠራለት ሲሪል ካሊስተር የተባለ ወጣት ኬሚስት ቀጠረ። ቬጂማይት በ1923 ገበያ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ፈላጊ አላገኘም፤ በ1928 ስሙ ፓርዊል ተብሎ ቢለወጥም አልሄደለትም፣ በ1930ዎቹ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ሰው ያመነው ሐኪሞች ለቫይታሚኑ ሲሉ መምከር ሲጀምሩና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደር ስንቅ ሲሆን ነው። በ2017 ቤጋ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ከአሜሪካው ሞንደሊዝ ገዝቶት ወደ አገር ልጅ እጅ ተመልሷል።

ከማርማይት የሚለየው ገና በማንኪያው ይታወቃል። ቬጂማይት አይወርድም፤ ወፍራም፣ ጥቁርና የደነደነ ስለሆነ በቢላ ይቆረሳል። የብቅል ጭማቂ ስላለበት ብቅል ብቅል ይሸታል፣ ምሬቱም ከሦስቱ ይበልጣል። ጨው በ100 ግራም ወደ 8 ግራም ነው፤ ከእንግሊዙ ያነሰ ሆኖ ሳለ ምሬቱ አፍ ላይ የበለጠ ከባድ ያስመስለዋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መደበኛው ቬጂማይት ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እና ፎሌት አለው፤ ቢ12 ግን የለውም። ሜልቦርን ፉትስክሬይ አካባቢ ካሉ ወገኖች መካከል “የእርሾ ምግብ ነው፣ ለጾም ቢ12 ይሰጣል” ብሎ መደበኛውን የሚገዛ ካለ ያሰበውን አያገኝም። ጨዉ በ40 በመቶ የተቀነሰው ቬጂማይት ግን ቢ6 እና ቢ12 ተጨምሮበታል። ለጾም ከሆነ እሱን ይግዛ፤ ጨውም ይቀንስለታል። ጣዕሙ ከመደበኛው ትንሽ ለዘብ ይላል፣ ልዩነቱ ግን ቅቤ ወይም አቮካዶ ሲገባበት ብዙም አይታወቅም።

የኒውዚላንዱ ማርማይት

ሳኒታሪየም የሚባለው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን የምግብ ድርጅት ማርማይትን በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የመሸጥ መብት ያገኘው በ1908 ነው። በኋላ ራሱ ማምረት ጀመረ፣ አሠራሩንም ለወጠ። ዛሬ የሚወጣው ቀይ ክዳን ያለው ጠርሙስ ከእርሾው ቀጥሎ ስኳር አለበት፤ የካራሜል ቀለም፣ ቅመማ ቅመም፣ ብረትና ቢ12ም ይጨመርበታል። ወፍራምነቱ ወደ ቬጂማይት ያደላል፣ ጣዕሙ ግን ጣፈጥ ያለና የቅመም ሽታ ያለው ነው። የእንግሊዙን ለምዶ ይህን የሚቀምስ ስኳሩ ያስገርመዋል፤ ከቬጂማይት የሚመጣ ሰው ደግሞ ምሬቱ የት ሄደ ይላል። ብረትና ቢ12 አብረው መገኘታቸው ለጾም ጥሩ ነው፤ ስኳሩ ግን ወጥ ውስጥ ያጋልጠዋል። ቲማቲም በበዛበት ስጎ ይስማማል፣ በርበሬ በበዛበት ወጥ ግን ጣፋጩ ተለይቶ ይወጣል።

ኒውዚላንዳውያን ለዚህ ጠርሙስ ያላቸው ፍቅር በ2012 ታይቷል። የካቲት 2011 ክራይስትቸርች ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካውን ጎድቶት ስለነበር በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ፤ የተከማቸው አለቀና በ2012 አገሩ በሙሉ ያለ ማርማይት ቀረ። የተጀመረ ጠርሙስ በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጥ ነበር። ምርቱ ተመልሶ ሱቅ የደረሰው መጋቢት 2013 ነው። አጠገባቸው ቬጂማይት እንደ ልብ እያለ አንድ ዓመት ያህል መጠበቃቸው ሁለቱ የማይተካኩ መሆናቸውን ከማንኛውም የቅምሻ ውድድር በላይ ያስረዳል።

እንዴት ይቀባል

የጥላቻው ሁሉ ምንጭ እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንናገር።

ዳቦው ተጠብሶ ትኩስ መሆን አለበት። ቬጂማይት ቀዝቃዛ ዳቦ ላይ ሲቀባ ከመስፋት ይልቅ ዳቦውን ይቀድደዋል፣ አንድ ቦታም ተጠቅልሎ ይቀራል፤ በአንድ ጉርሻ ጨው ብቻ፣ በሌላው ባዶ ዳቦ ይሆናል። ከቬጂማይቱ በፊት የሚመጣው ስብ ነው። ለአንድ ቁራጭ ዳቦ ከ5 እስከ 7 ግራም ቅቤ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ደንበኛ ቅቤ፣ እስከ ጠርዙ ይቀባ። ቅቤው ግማሹ ሲቀልጥ ግማሹ ገና ነጭ ሆኖ ሲታይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቬጂማይት በቢላ ጫፍ ተወስዶ እዚህም እዚያም ይነካካና ከቅቤው ጋር እየተፋቀ ይሰራጫል። ሲጨርሱ ዳቦው ቡናማ ዥንጉርጉር መሆን አለበት፤ ጥቁር ከሆነ በዝቷል። የእንግሊዙ ማርማይት ቀጭን ስለሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ድረስ ይቻላል። የኒውዚላንዱ በሁለቱ መካከል ነው።

ቅቤው ለጌጥ አይደለም። ስቡ ምላስን ስለሚሸፍን ጨውና ምሬቱ ቀስ ብለው ይደርሳሉ፣ የሥጋ መረቁ ጣዕምም ጎልቶ ይወጣል። ስብ ሳይኖር የተቀባ ማርማይት ምላስ ላይ በአንድ ጊዜ ያርፋል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ጨው ብቻ ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድና ኒውዚላንድ ውስጥ ቅቤ ሲባል በአብዛኛው ጨው ያለበት ስለሆነ፣ ገና ለሚጀምር ሰው ጨው የሌለበትን መግዛት ይሻላል።

ዳቦውም ራሱ ልዩነት አለው። የአሜሪካ ነጭ ሳንድዊች ዳቦ ብዙ ጊዜ ስኳር ይበዛበታል። በ2020 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግብር ክርክር ላይ የሰብዌይ ሳንድዊች ቤቶች ዳቦ ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት 10 በመቶ ስለሚሆን፣ ሕጉም የሚፈቅደው 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ለግብር ጉዳይ እንደ መሠረታዊ ዳቦ አይቆጠርም ብሎ ወስኗል። እንዲህ ባለ ጣፋጭ ዳቦ ላይ ማርማይት አይሆንም። አሜሪካ ያለ ሰው የኮመጠጠ እርሾ ዳቦ ወይም የቤት ድፎ ዳቦ ቆርጦ ይጥበስ፤ ድፎው ላይ ያለው ጥቁር አዝሙድ ከማርማይት ጋር በጣም ይስማማል።

በጾም ቀን ቅቤው ምን ይተካዋል? ማርጋሪን ብዙዎቹ የወተት ተዋጽኦ አለባቸው፣ ጽሑፉን ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው አቮካዶ ነው። ግማሽ አቮካዶ ትኩስ ዳቦ ላይ ይደፍጠጥ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቬጂማይት ከሥሩ ይቀባ፣ ሎሚ ጠብ ይደረግበት፤ ሌላ ጨው አያስፈልገውም። ቬጂማይት ከማርማይት የሚሻልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፣ ምሬቱ የአቮካዶውን ቅባትነት ይቆርጠዋል። የኦቾሎኒ ቅቤም ይሆናል፤ ከእንግሊዙ ማርማይት ጋር ሲደባለቅ ስምንት እጅ ኦቾሎኒ ለአንድ እጅ ማርማይት ይበቃል። የወይራ ዘይት ብቻውን ግን ዳቦው ውስጥ ስለሚሰምጥ ምላሱን አያድንም።

በፍስክ ቀን አይብ አለ። እንግሊዞች ጠንካራ ቼዳር፣ አውስትራሊያውያን አይብና ቬጂማይት የተጠቀለለበት ዳቦ ከዳቦ ቤት ይገዛሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ ልጆች ማርማይትና የድንች ቺፕስ በዳቦ መካከል ያደርጋሉ፤ የሚንኮሻኮሸው ነገር ለጨዋማው ስለሚስማማ ጥሩ ነው፣ ጨው በጨው ላይ መሆኑ ግን መረሳት የለበትም። የአውስትራሊያ ልጆች ቀዳዳ ባለው ደረቅ ብስኩት መካከል ቅቤና ቬጂማይት አድርገው ሲጨምቁት በቀዳዳዎቹ የሚወጣውን ጥቁር ትል ይልሳሉ። ምግብ የማይነካ ልጅ ላለበት ቤት ጠቃሚ ዘዴ ነው።

በወጥ ውስጥ

የእንግሊዙ ማርማይት እዚህ ከሁለቱ ይበልጣል፤ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይሟሟል፣ ስኳር ስላልተጨመረበት የበርበሬውን ጣዕም አያዛባም። ለ400 ግራም የምስር ክክ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ይበጥበጥና ወጡ ሊወርድ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይጨመር። ሽንኩርቱ ሲቁላላ መጨመር ስህተት ነው፤ ውኃ በሌለበት ድስት ሥር ይይዛል፣ የተቃጠለው እርሾም ወጡን ያመርረዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማርማይት ሦስት አራተኛ ግራም ያህል ጨው ይዞ ስለሚገባ ጨው የሚቀመሰው ከእሱ በኋላ ነው።

ሽሮ ላይ ግማሹ መጠን ይበቃል፣ ዱቄቱ ራሱ ተቀምሞ ጨው አለበትና። እንጉዳይ ጥብስ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይለወስ፤ ከሁሉ የምንመክረው ይህንን ነው። ጥቅል ጎመንና ድንች አልጫ ላይ አይጨመር፤ ቢጫውን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል፣ የእርዱንም ጣዕም ይሸፍነዋል። ለሁለት ሰው ፓስታ 25 ግራም ቅቤ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማርማይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ አብሮ ይሞቃል። ፓስታው ሲቀቀል ጨው አይግባ፣ ከገባ የሚበላ አይሆንም።

ኩብ ማጊ ከሚጠቀም ሰው ጋር ካነጻጸርነው፣ ኩቡ ግማሹና ከዚያም በላይ ጨው ነው፣ አንዳንዶቹም የዶሮ ስብ ስላለባቸው ለጾም አይሆኑም። ማርማይት ሁለቱንም ችግር ያቀላል።

ከኢንተርኔት የምግብ አሠራር ለሚወስዱ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የኒውዚላንድ 15 ሚሊ ሊትር ነው። የሜልቦርን አሠራር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቬጂማይት ቢል ሌላ ቦታ ያለ ሰው በራሱ ማንኪያ አንድና ሲሶ መለካት አለበት። ተቃራኒው የባሰ ነው፤ የለንደንን አሠራር በአውስትራሊያ ማንኪያ የለካ በአንድ ሦስተኛ ያበዛል፣ በዚህ ዓይነት ምግብ ላይ ደግሞ ያ ድስቱን ሙሉ ያበላሻል። የሻይ ማንኪያው በሁሉም 5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በሻይ ማንኪያ መለካት ይሻላል።

ማን ይጠንቀቅ

ከማርማይት ጎን ተመሳሳይ ጠርሙስ ያለው ቦቭሪል የሚባል አለ። ባለቤቱም ያው ዩኒሊቨር ነው፣ ግን የሚሠራው ከበሬ ሥጋ ነው። እንግሊዞች በሙቅ ውኃ በጥብጠው በብርድ ኳስ ሲያዩ ይጠጡታል። ከ2004 እስከ 2006 በእርሾ ተሠርቶ ስለነበር “ሥጋ የለበትም” የሚል የቆየ ወሬ ይሰማል፤ ዛሬ ሥጋ አለበት፣ ጾም አይሆንም። እንዲህ ያለ ትኩስ መጠጥ በጾም የሚፈልግ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርማይት በአንድ ኩባያ ሙቅ ውኃ በጥብጦ ይጠጣ።

ግሉተን የማይስማማው ሰው ሦስቱንም መደበኛ ዓይነቶች አይብላ፤ እርሾው ከገብስና ከስንዴ የመጣ ነው። ለእንዲህ ያለ እንግዳ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ጋግረው ወጡ ውስጥ ማርማይት ከጨመሩ ድካሙ ከንቱ ነው። ቬጂማይት ግሉተን የሌለበት ዓይነት ከ2019 ጀምሮ ያወጣል፤ ጽሑፉ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

የእርሾ ጭማቂ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው፣ ለድብርት የሚሰጡትን ማኦ ከልካይ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ የደም ግፊቱ በድንገት በአደገኛ ሁኔታ ይወጣል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃንም ጨዉ ብዙ ነው።

መግዛትና ማስቀመጥ

በስም ጉዳይ አትሳሳቱ። የእንግሊዙ ማርማይት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ “አወር ሜት” በሚል ስም ይሸጣል፤ የኒውዚላንዱ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ “ኤንዚ ማይት” ነው። ሲድኒ ውስጥ ማርማይት ተብሎ የተቀመጠው እንግሊዝ የሚታወቀው አይደለም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የእንግሊዙ ማርማይትና ቬጂማይት በትልልቅ ሱቆች የውጭ አገር ምግብ መደርደሪያ ላይ በትንንሽ ጠርሙስ ይገኛሉ፤ ዋጋቸው ከአገራቸው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። አየርላንድ ላይ የሚሸጠው ያው የእንግሊዙ ነው።

በሻንጣ ለሚያመጣ፦ አውሮፕላን ማረፊያዎች ማርማይትን እንደ ፈሳሽ ይቆጥሩታል፤ 250 ግራሙ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ በብዙ ቦታ ይወሰዳል። 70 ግራሙ ያልፋል። ትልቁ በሚጫነው ሻንጣ በሁለት ላስቲክ ታስሮ ይሂድ።

ጨዉ ስለሚጠብቀው ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ፍሪጅ ከገባ ይደነድንና ዳቦውን ይቀድዳል። የሚያበላሸው ቅቤና የዳቦ ፍርፋሪ የያዘ ቢላ ስለሆነ ለጠርሙሱ ንጹሕ ማንኪያ ይለይለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ 125 ግራሙን ማርማይት ወይም ትንሹን ቬጂማይት ይውሰድ፤ በሩብ የሻይ ማንኪያ ለሚቀባ ሰው ከወር በላይ ይቆያል። ከተስማማው በኋላ ትልቁን መግዛት በግራም ሲሰላ ይረክሳል። ግድግዳው ላይ የቀረው በቢላ ስለማይወጣ ሩብ ኩባያ ሙቅ ውኃ ይጨመርበት፣ ክዳኑ ተከድኖ በደንብ ይናጥ፣ ለቀጣዩ ምስር ወይም እንጉዳይ መረቅ ይሁን፤ የዚያን ቀን ወጥ ጨው ሳይቀመስ አይጨመርበት።